አባባን ይዘን ዴልሂ፦ በአራት አገሮች የሐኪም ቤት ደጅ ያየሁት

ነገሩ የተጀመረው ደረጃ ላይ ነው። አባቴ መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጡ ሁለተኛው ላይ ቆመው የደረጃውን ብረት ያዙ። «ትንሽ ልረፍ» አሉ። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፤ በቀኝ እጃቸው ግራ ክንዳቸውን ያሻሉ። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብለው ሊሸፋፍኑት ቢሞክሩም በማግስቱ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

መጀመሪያ ኢሲጂ፣ ቀጥሎ ኢኮ፣ በመጨረሻም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልብን የደም ቧንቧ የሚያዩበት አንጂዮግራም ተሠራላቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው። ፊልሙን ኮምፒዩተሩ ላይ እያሳየን ሦስቱ ዋና ዋና ቧንቧዎች ክፉኛ መጥበባቸውን ነገረን። «ስቴንት ብቻ አይበቃቸውም። ባይፓስ ነው የሚሻላቸው» አለ። እዚህ አገር እንደማይሠራ ስንጠይቀው «ይሠራል፤ ግን የሚሠሩት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። አቅም ካላችሁ ውጭም ጠይቁ፤ ብቻ ወራት አታሳልፉ» ብሎ በሐቅ መለሰልን።

የዚያን ዕለት ማታ ቤታችን ሙሉ ነበር። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ በስልክ «ወደዚህ አምጧቸው» አለ። እስራኤል የሚኖሩት የእናቴ አብሮ አደግ «የእኛን አገር ሐኪሞች የሚያህል የለም» አሉ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ባንኮክ ታክመው ስለመጡ ከባንኮክ ሌላ መስማት አልፈለጉም። አጎቴ ደግሞ «ሕንድ፣ ሕንድ፣ ሕንድ» ይላል። አባቴ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ «ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ለእኔ ተብሎ የልጆች መሬት አይሸጥም» ብለው ተነሱ። ስለ የትኛው መሬት እንደሚያወሩ ሁላችንም እናውቃለን። ለገጣፎ ያለችው፣ እሳቸውና እናቴ በዕቁብ ገንዘብ የገዟት ቁራሽ ናት።

እኔ ደብተር አውጥቼ አራቱን አገሮች በአራት ገጽ ከፈልኳቸው። በአጋጣሚ የሁለቱን የሐኪም ቤት ደጅ ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ፤ የአንዱን ከጎረቤታችን ሰማሁ፤ አንዱን ደግሞ ከአባባ ጋር ሄጄ አየሁት። ከዚህ ቀጥሎ የምተርክላችሁ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ሜሪላንድ፦ ሕክምናው ዛሬ፣ ፖስታው ከወር በኋላ

የወንድሜ ሚስት ስትወልድ እናቴ ልታርሳት አሜሪካ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። የገንፎው እህል፣ በርበሬውና ቅቤው ሻንጣ ሞልቶ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ግን እናቴ ከጎድን አጥንቷ በታች በሚወጋ ሕመም ተነሳች። ወንድሜ ወደ ድንገተኛ ክፍል በመኪና ሲያበርራት እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መድን የላትም፣ ማስያዣ ቢሉን ምን እንመልሳለን?

ማንም ስለ ማስያዣ አልጠየቀንም። ኋላ እንደተረዳሁት እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የአገሪቱ ሕግ አለ። ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅም ኖረው አልኖረው ሆስፒታሉ መመርመርና ከአደጋ ማውጣት አለበት። በሦስት ሰዓት ውስጥ ደም ተመረመረ፣ አልትራሳውንድ ታየ፣ ሲቲ ስካን ተነሳ። የሐሞት ጠጠር ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን አስተርጓሚዋ ናት። በጎማ እግር ላይ የቆመ ስክሪን ገፍተው አምጥተው ሲከፍቱት አማርኛ የምትናገር ሴት ብቅ አለች። እናቴ ሕመሟን ረስታ «ልጄ፣ ከወዴት ነሽ?» ስትላት ነርሷ ሳይቀር ሳቀች።

ፖስታዎቹ መምጣት የጀመሩት እኛ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ነው። አንዱ ከሆስፒታሉ፣ አንዱ ከድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ፣ አንዱ ፊልሙን ካነበበው ባለሙያ። ሁሉም የየራሱን ሂሳብ ለብቻ ይልካል፤ አስቀድሞ ዋጋ የነገረን ግን አልነበረም። ወንድሜ ወር ሙሉ ስልክ ላይ ዋለ። የዳነው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌላቸው ሕሙማን የክፍያ ድጋፍ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ስለሚያስገድድ ነው። ፎርም ሞልቶ አብዛኛውን አስቀነሰ።

ለአባባ ስንጠይቅ ታዲያ ነገሩ ሌላ ሆነ። አስቀድሞ በቀጠሮ የሚሠራ የልብ ቀዶ ሕክምና እንደ ድንገተኛ አይታይም። መድን ለሌለው ሰው ዋጋው በቀላሉ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል። «ግሪን ካርድ ቢያገኙስ?» ብለን ነበር። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ግን 65 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃውም፤ በቋሚ ነዋሪነት የገባ ሰው አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር ይጠበቅበታል። የአባቴ ልብ አምስት ዓመት አትጠብቅም። የአሜሪካን ገጽ ዘጋሁ።

ናታንያ፦ «ሆዴን ባር ባር አለኝ»

ከዓመታት በፊት ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ልንሳለም ከእናቴ ጋር ሄደን፣ ከበዓሉ በኋላ ናታንያ ያሉት አብሮ አደጓ ቤት አምስት ቀን አረፍን። እትዬ ከጎንደር የወጡት በልጅነታቸው አይደለም፤ ዕብራይስጣቸው እስከ ዛሬ የገበያ ነው። አንድ ጠዋት «ነይ ኩፓት ሆሊሜን ላሳይሽ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። እንደ አንድ የቤተሰብ ሀብት ነው የሚያወሩለት።

እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የጤና መድን ሕግ አለ። እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ የጤና ተቋማት፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከሜዑሄዴትና ከሌዑሚት በአንዱ ይመዘገባል። ክፍያው እንደ ገቢው ነው፤ «አርጅተሃል፣ ታመሃል» ብሎ መመለስ ክልክል ነው። እትዬ ካርዳቸውን ማሽኑ ላይ አሳዩ፣ ቁጥራቸው ስክሪን ላይ ወጣ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ገቡ። መድኃኒቱንም እዚያው ሕንፃ ሥር በትንሽ ክፍያ ወሰዱ።

ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። እትዬ ለጉልበታቸው ልዩ ሐኪም ቀጠሮ የያዙት ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ከዚያ የከበደውን ደግሞ ቡና ላይ ነገሩን። አገሩን በገቡበት ሰሞን ልጃቸው ወታደር ቤት ሲሄድባቸው ሐኪም ዘንድ ቀርበው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» አሉ። ያስተረጎመላቸው የጎረቤት ልጅ ቃሉን እንዳለ አሻገረው። ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒት አዘዘላቸው፣ አልጋ ላይ አስተኝቶ ሆዳቸውን ተጫነ፣ ለሌላ ምርመራም ላካቸው። «የእኔ ሆድ ጤነኛ ነው፤ የባባው አንጀቴ ነው ብዬ እንዴት ላስረዳው?» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አሉ። በኋላ አማርኛም ዕብራይስጥም የምታውቅ፣ ባህሉ የገባት አገናኝ ሴት ክሊኒኩ ውስጥ ስትመደብ ነው ነገሩ የተፈታው። ያኔ አንድ ነገር ተማርኩ፤ በነፃ የቀረበ ሐኪም እንኳ ቋንቋህ ካልገባው ሩቅ ነው።

ያ ሁሉ የተመቻቸ ሥርዓት ግን ለነዋሪው ነው። ጎብኚ እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ከፍሎ ይታከማል። ለእኛ በሩ ክፍት ነበር፤ ዋጋው ግን ከሕንድ ጋር የሚወዳደር አልሆነም።

ባንኮክ፦ ሁለቱ ታይላንዶች

ጎረቤታችን ስለ ባንኮክ ሲያወሩ ሐኪም ቤት መሆኑን እንረሳለን። ሎቢው እንደ ሆቴል፣ ፒያኖ ያለበት፣ ተመዝግበው እስኪቀመጡ ውኃ የሚቀርብበት። ናና በሚባለው ሰፈር የዓረብና የሐበሻ ምግብ ቤት እንደማይጠፋም ነግረውናል። እውነትም ከእኛ አገር ብዙ ሰው ለምርመራ ባንኮክ ይሄዳል። እኔን የሳበኝ ግን እሳቸው ያላዩት ታይላንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ታይላንድ መድን ያልነበራቸውን ዜጎቿን በሙሉ የሚሸፍን ሥርዓት በመላ አገሪቱ ዘረጋች። ሰው ሐኪም ባየ ቁጥር የሚከፍለው 30 ባት ብቻ ስለነበር እስከ ዛሬ «የ30 ባት ሕክምና» ይባላል። ያኔ ሀብታም አገር አልነበረችም። የቻለችው ገንዘቧን አስቀድማ በወረዳ ሆስፒታሎችና በገጠር ጤና ጣቢያዎች ላይ ስላፈሰሰች፣ ወጣት ሐኪሞቿን ገጠር ስላሠራች፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ የመንደር የጤና በጎ ፈቃደኞችን ስላሠለጠነች ነው። ፒያኖው ለእንግዳ ነው፤ 30 ባቷ ለባለአገሩ። ደብተሬ ላይ ከሥሯ አሰመርኩባት። ለአባባ የተሰጠን ዋጋ ግን ከዴልሂው እጥፍ ነበር።

ዴልሂ፦ የመዳብ እጆች

ሕንድ ለታካሚ አንድ፣ ለአስታማሚ ሌላ ዓይነት ቪዛ ትሰጣለች። የሆስፒታሉን የጥሪ ደብዳቤ፣ የአዲስ አበባውን ሐኪም ማስረጃና የአንጂዮግራሙን ሲዲ ይዘን በኅዳር መጨረሻ ተሳፈርን። የገንዘቡን ነገር አባባ ሲጠይቁ «ወንድሜ ተበድሮ ላከ» አልኳቸው። ከፊሉ እውነት ነው። ሌላው ለገጣፎ ነበር።

ዴልሂ አውሮፕላን ማረፊያ ከኢሚግሬሽን በላይ ግድግዳው ላይ ግዙፍ የመዳብ እጆች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዳቸው ጣታቸውን በተለያየ መልክ አጥፈዋል። አባቴ ቀና ብለው አይተው «ይኼ ሁሉ እጅ ለበረከት ይሁንልን» አሉ። ውጭ ስንወጣ ጭስ የተቀላቀለበት ጉም ዓይናችንን አቃጠለው። በዚያ ወቅት የዴልሂ አየር የታወቀ ነው፤ የልብና የሳንባ ሕመምተኛ የሚሄድ ከሆነ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አይርሳ።

ሆስፒታሉ ያለው ከዴልሂ ጋር በተያያዘችው ጉርጋኦን ነው። ያረፍነው በእግር አሥር ደቂቃ በሚያስኬድ የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን ከስምንቱ ክፍሎች አምስቱን የያዙት ሐበሾች ነበሩ። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። ጠዋት ጠዋት ሽሮ ይሸታል። ከደሴ የመጡ እህትና ወንድም ነበሩ፤ ወንድሟ ኩላሊቱን ሊሰጣት ነው። ሁለት ሳምንት የቆዩት ለሕክምናው አይደለም፤ ወረቀት እየጠበቁ ነው። የሕንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የአካል ክፍል መሸጥን ስለሚከለክል፣ ከውጭ የመጣ ሰው ለጋሹ ዘመዱ መሆኑን ኤምባሲው ማረጋገጥ አለበት። «ልደት ካርዳችን ላይ የአባታችን ስም አንዱ በሀሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ ተጽፎ ሁለት ሰው አደረጉን» አለኝ ልጁ። ለንቅለ ተከላ የምትሄዱ ወረቀታችሁን እዚሁ አስተካክላችሁ ውጡ።

የሆስፒታሉ የውጭ ሕሙማን አዳራሽ ዓለም በትንሹ ናት። ኢራቃዊ፣ ኡዝቤክ፣ ኬንያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ እኛ። ለየቋንቋው አስተርጓሚ አለ። የእኛው ለትምህርት መጥቶ የቀረ ወጣት ነው፤ አባቴን «አባባ» እያለ ሲደግፋቸው እኔን እስኪረሱኝ ወደዱት። የልብ ሐኪሙ ሲዲውን ከፍቶ በጥሞና አየ። ደምና ኢኮ እንደገና አሠራ። ከዚያም «የአዲስ አበባው ሐኪማችሁ በትክክል ነው ያየው፤ እኔም የምለው እሱኑ ነው» አለን። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመስማት ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አልነበረብንም። ግን ደስ አለኝ።

ሕንድ ለምን እንደምትረክስ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ጥራቱ ዝቅ ስለሚል ነው» ይላል። ያየሁት ያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶ/ር ፕራታፕ ሬዲ ቼናይ ውስጥ አፖሎን ከከፈቱ ወዲህ ትላልቅ የግል ሆስፒታሎች ተስፋፍተዋል። ባንጋሎር ያሉት የልብ ቀዶ ሐኪም ዶ/ር ዴቪ ሼቲ ደግሞ የታወቁት ቀዶ ሕክምናን በብዛት በመሥራት የአንዱን ዋጋ ማውረድ እንደሚቻል በማሳየት ነው። ሐኪሙ በየቀኑ ስለሚሠራ እጁ ይፈታል፤ ማሽኑም ሥራ አይፈታም። መድኃኒቱ እዚያው ይመረታል። ሰው ሠራሽ የልብ ክዳን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የራሳቸውን ይተክላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ መንግሥት በስቴንት ዋጋ ላይ ጣሪያ አስቀመጠ። የተሰጠን ዋጋ 7,000 ዶላር ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ አልጋውና የአስታማሚ መኝታ ተደምሮ።

ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ፈጀ። አዳራሹ ውስጥ ከእኔ ትይዩ አንዲት ኢራቃዊት እናት መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፤ እኔም የእናቴን መቁጠሪያ ይዤያለሁ። ቋንቋ አንግባባም። ስትነሳ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ አውራ ጣቱን ሲያሳየኝ መጀመሪያ ያቀፈችኝ እሷ ናት። የልጇ ቀዶ ሕክምና ገና አላለቀም ነበር።

አባቴ በማግስቱ ቱቦው ሲወጣላቸው ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ለገጣፎን ሸጣችኋት?» አሉኝ። ያንን ጥያቄ ከማደንዘዣው በፊት ይዘውት ገብተው ይዘውት ወጥተዋል። መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ፣ አባባ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለሁለት ቀን ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም ሁለት ቀን ምግብ አልወረደልኝም።

በእነዚያ ቀናት አስተርጓሚያችን «ትንሽ ነፋስ ይንካሽ» ብሎ ወደ ከተማ ወሰደኝ። ባንግላ ሳሂብ የተባለውን የሲኮች ቤተ መቅደስ አሳየኝ፤ ጫማ አውልቀን፣ ፀጉራችንን ሸፍነን ገባን። ለማንም ሰው፣ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ ቀኑን ሙሉ ምግብ ይቀርባል። መሬት ላይ ተቀምጠን ምስርና ቂጣ በላን፤ የሰንበቴ ዝክር ትዝ አለኝ። ባላ ሳሂብ በተባለው ሌላው የከተማዋ የሲኮች ቤተ መቅደስ ግቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተ፣ ሰው የማያስከፍል የኩላሊት እጥበት ማዕከልም አለ።

ስንመለስ ኤይምስ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በተመሠረተው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል በኩል አለፍን። ሕንድ ካሏት ምርጥ ሐኪሞች ብዙዎቹ የወጡበት ነው፤ ዋጋውም ለድሃ የተመጠነ ነው። ለዚህም ነው ከየክፍለ ሀገሩ ሰው የሚጎርፍበት። ከአጥሩ ውጭ፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው የተኙ ቤተሰቦች አየሁ። ራጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከራስጌያቸው አድርገዋል፤ ቀጠሮ እየጠበቁ ነው። እኔ ከአንድ ሰዓት በፊት እብነ በረድ ላይ ቆሜ ቡና እጠጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ለድሃ ቤተሰቦች በዓመት እስከ 500,000 ሩፒ የሚደርስ የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍን መድን ተጀምሯል፤ ያም ሆኖ ወረፋው አላለቀም። ያየሁትን ለአባባ ስነግራቸው «እኛ የእነሱን ቦታ ይዘን ይሆን?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ስንወጣ ሂሳቡ ከተባለው 900 ዶላር ጨመረ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ቀን ስለረዘመ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ከጥቅሉ ውጭ ስለሆነ ነው አሉ። ወረቀቱን መልሼ ሳነበው እውነትም በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ግን ቃል በቃል አላስረዳኝም።

አዲስ አበባ፦ ቁስሉን ያጠበችው ነርስ

ከተመለስን በዘጠነኛው ቀን፣ ለልብ የሚሆነው ደም ሥር የተወሰደበት የአባቴ እግር ቀላ፣ አበጠ። ፎቶ አንስቼ ዴልሂ ላክሁ። መልስ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። እስከዚያ መጠበቅ ስላልቻልን ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ዕድሜዬን ሙሉ በደጁ አልፌ ገብቼበት የማላውቀው ጤና ጣቢያ። ካርድ አወጣን፣ ወረፋ ጠበቅን። አንዲት ነርስ ቁስሉን አጠበች፣ ሐኪሙ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አዘዘ፣ በየሁለት ቀኑ እየመጡ እንዲታጠቡ ነገሩን። የከፈልነው ዴልሂ ለአንድ ስኒ ቡና ከከፈልኩት ያነሰ ነው። በሳምንቱ ዳነ።

ነርሷ የመጀመሪያ ቀን ግፊታቸውን ስትለካ «አባባ፣ መጨረሻ የተለኩት መቼ ነው? ማለቴ ከዚህ በሽታ በፊት» አለቻቸው። አባቴ አሰቡ፣ አሰቡ። «ጡረታ ስወጣ» አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሦስት ደቂቃ የሚወስድ፣ በዚህ ጤና ጣቢያ ሁሌም የነበረ ነገር ነው። ያ ቢደረግ ባይፓስ ላያስፈልግ ይችል ነበር ወይ ብዬ ወጣቱን የልብ ሐኪም ጠይቄዋለሁ። «እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም፤ ግን ብዙ ሰው በዚያ ነው የሚተርፈው» አለኝ። አሁን ክትትላቸውን የሚያደርጉት እሱ ዘንድ ነው። ከዴልሂ ከታዘዙት መድኃኒቶች አንዱን ገበያ ላይ ስናጣው በአቻው የቀየረልንም እሱ ነው። ቀዶ ሕክምና የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ክትትል ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ የዕድሜ ልኩን ደግሞ ማንም አገር በአውሮፕላን አይልክልንም።

አራቱን ገጾች አሁን ሳነብ አገሮቹ የሚለያዩት በማሽን አይደለም። አሜሪካ ማሽኑ ሞልቷል፤ የሚያስፈራው ፖስታው ነው። እስራኤልና ታይላንድ የተሻሉት መጀመሪያ የሚታየው ሐኪም ለሁሉም ቅርብ እንዲሆን ስለወሰኑ ነው። ሕንድ ለከፋይ እንግዳዋ ፈጣን ናት፤ ለድሃ ዜጋዋ ግን ወረፋ ናት። የእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን፣ እንዲሁም በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ በተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በታይላንድ መንገድ ጀምራለች። የጎደለን ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ፣ በዶ/ር በላይ አበጋዝ ጠንሳሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወረፋ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። ብዙዎቹን ለዚህ ያበቃቸው በጊዜው በፔኒሲሊን ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። እነዚያ ልጆች የሚሸጥ ለገጣፎ የላቸውም።

ከመሄዳችሁ በፊት

ብዙዎቻችሁ እንደ እኛ አንድ ምሽት ሳሎን ውስጥ ተሰብስባችሁ ትመክሩ ይሆናል። ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን እነሆ፦

• የአገር ውስጡን ሐኪም ውሳኔ በሚገባ ስሙ፤ ሁለተኛ አስተያየት ደግሞ እዚሁ ከሌላ ሐኪም ጠይቁ። ሲዲውን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የመድኃኒቱን ዝርዝር በእጃችሁ ያዙ።

• ለውጭ ምንዛሪና ለቪዛ የሚያስፈልገውን የሐኪም ማስረጃ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሁሉም ወረቀት ላይ የስም አጻጻፉ አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

• የጥቅል ዋጋ ሲነገራችሁ «ምን አይጨምርም?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ከተነገራችሁ ዋጋ በላይ መጠባበቂያ ያዙ።

• ዘመድ ጥየቃ ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ ሌላ አገር ወላጅ ስትልኩ የጉዞ ጤና መድን ግዙላቸው።

• ስትመለሱ ማን እንደሚከታተላቸው ሳትወስኑ አትሳፈሩ። የታዘዘው መድኃኒት ወይም አቻው እዚህ መኖሩን ጠይቁ።

• ለሕመምተኛው እውነቱን ንገሩ፤ የገንዘቡንም ጭምር።

የመጨረሻዋን የጻፍኩት ለራሴ ነው። አባቴ ከመጡ በሁለተኛው ወር ያንኑ ሕንፃ ደረጃ ዳግም ወጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርሱ ትንሽ ተነፈሱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ ጠባሳው ላይ አደረጉ። «ለገጣፎ እዚህ ናት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ መሬቷ ተነስቶ አያውቅም።

አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ ጤና ጣቢያው ሄዶ ግፊቱን ይለካል። ባለፈው ወር እናቴ ከፍ ብሎ ተገኘባት። ኪኒን ጀምራለች። እናንተስ መጨረሻ የተለካችሁት መቼ ነው?